ድሬ ላይ ስለ ኡርሱሊን ሲስተሮች (የካቶሊክ ሴቶች መንፈሳዊ ማኅበር) ለወጣቶች ፕሮግራም ለምታዘጋጁ

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ፣ በድሬ ሙቀት ስምንት ሰዓት ላይ ልጅ ሰብስባችሁ ታሪክ እንንገራችሁ ብትሉ ማንም አይሰማም፣ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ዛፍ ስር አድርጉት።

ከቀን ዝርዝር አትጀምሩ፣ ከመሥራቿ ከራሷ ከቅድስት አንጀላ ሜሪቺ ጀምሩ። ጣልያን ዴዘንዛኖ ተወልዳ በልጅነቷ ወላጆቿን ያጣች ሴት ናት፣ በ1535 እ.ኤ.አ. ብሬሻ ከተማ 28 ሴቶች ይዛ ማኅበሩን መሰረተች። እዚህ ጋ ረጋ በሉ! ያኔ ሴት ልጅ ወይ ታገባለች ወይ ገዳም ትገባለች፣ አንጀላ ግን እዛው ቤተሰባችሁ ቤት እየኖራችሁ ለእግዚአብሔር ተሰጡ አለቻቸው፣ ግቢ አጥር ምናምን የለም። ልጆቹ በጣም የሚጠይቁት ይሄን ነው፣ አታቋርጧቸው። በ1612 ፓሪስ ላይ ሲስተሮቹ ገዳማዊ ሆነው ሴቶችን ማስተማር መሐላቸው ውስጥ እንደገባ፣ በ1639 ደግሞ ካናዳ ኬቤክ እንደደረሱ ባጭሩ ንገሯቸውና እለፉ።

መንፈሳዊነቱን በሌክቸር ሳይሆን በተግባር አሳዩ። አንጀላ ለመሪዎቹ በተወችው ምክር ልጆቻችሁን አንድ በአንድ፣ ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውንና ኑሯቸውን በልባችሁ ያዙ ትላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ አስተባባሪ ደብተር ይያዝና ስለ አምስት ልጆች ይጻፍ፣ ማን ቤት ሶማሊኛ ያወራል፣ ማን ኦሮምኛ፣ የቷ ልጅ ማታ ማታ እናቷን ሻይ በመሸጥ እያገዘች የቤት ሥራ ሳትሰራ ትመጣለች። እሷን ሰነፍ ከማለት በፊት መጠየቅ ማለት ነው በቃ።

በዓሏ ጥር 19 ገደማ ነው፣ ጥምቀት እንዳለፈ ዝግጅቱን ጀምሩ።