ከባሕር ዳር ወደ ኪያንቲ፦ የጣልያንን የወይን አገር በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከአስጎብኚ ጋር ለመጎብኘት

በባሕር ዳር ብስክሌት መንዳት እንደ ልዩ ችሎታ አይቆጠርም። ተማሪውም ሠራተኛውም በዘንባባው ጥላ ሥር ጠዋት ማታ ሲነዳ ይታያል። ስለዚህ ጣልያን የሚኖር ዘመድ «ና፣ የወይኑን አገር በኤሌክትሪክ ብስክሌት እንዙር» ብሎ ሲጋብዘን ብዙዎቻችን ነገሩ የተለየ ዝግጅት የሚጠይቅ አይመስለንም። እኔም ታላቅ እኅቴ ጋብዛኝ በፍሎረንስና በሲየና መካከል በሚገኙት የኪያንቲ ኮረብቶች ለአምስት ቀናት ስጓዝ እንዲሁ አስቤ ነበር። ይህን የምጽፈው ከጎጃም ተነሥተው ያንን ጉዞ ለሚያስቡ ወገኖች ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው መንገዱን በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በዳገቱ እንዲለኩት ነው።

የዓባይን በረሃ የተሻገረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከደጀን አፋፍ ሆነው ሲመለከቱት ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ ወርደው ሲወጡት ግን መኪናው ራሱ ያቃስታል። የኪያንቲ ኮረብቶች ከዚያ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን አራትና አምስት ጊዜ መውጣትና መውረድ አለ። የመጀመሪያው ቀን መርሐ ግብራችን «55 ኪሎ ሜትር፣ መካከለኛ» ከማለት በቀር ስለ ዳገቱ የጠቀሰው ነገር አልነበረም። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 240 ሜትር ከፍታ ካላት ከግሬቬ ተነሥተን፣ 500 ሜትር ገደማ ወደምትደርሰው ፓንዛኖ ወጣን። ከዚያም ወደ ፔሳ ወንዝ ሸለቆ ወርደን ወደ ካስቴሊና እንደገና ወጣን፤ ምሳችንን ራዳ በምትባል ከተማ በልተን ስንመለስ ያው ሸለቆ ጠበቀን። ከጠዋት ጀምሮ የሞተሩን እገዛ በከፍተኛው ደረጃ ላይ አድርጌው ስለ ነበር፣ ከሉካሬሊ መንደር ወደ ፓንዛኖ በሚያወጣው የመጨረሻ ዳገት ላይ ባትሪዬ አለቀ። ባትሪው ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ እርሱን እየገፋሁ ወጣሁ።

ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት አስጎብኚ ድርጅቱን በየቀኑ የሚወጣው ዳገት በድምሩ ስንት ሜትር እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጣልያኖቹ «ዲስሊቬሎ» ይሉታል። ይህን ቁጥር በቀላሉ ሊነግርዎ የማይችል ድርጅት መንገዱን በደንብ አያውቀውም ብዬ እገምታለሁ። ከዚህ ሌላ የባትሪው አቅም ስንት ዋት ሰዓት እንደ ሆነ፣ የሚከተል መኪና መኖሩን፣ በምሳ ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ይቻል እንደ ሆነና አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው እንደሚመራ ይጠይቁ። ከስምንት ሰው በላይ ከሆነ ጉዞው መጠባበቅ ይበዛበታል።

የሞተሩን ጠባይ ማወቅ የጉዞው ግማሽ ነው። በአውሮፓ ሕግ መሠረት እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሞተሩ ኃይል ከ250 ዋት አይበልጥም፤ የሚያግዘውም ፔዳሉን ሲረግጡ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነትዎ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እገዛውን ያቆማል። እንግዲህ ቁልቁለት ላይ የሚጠቀመው ባትሪ የለም ማለት ይቻላል፤ የሚያልቀው ዳገት ላይ ነው። በቀላል ዳገት ዝቅተኛውን የእገዛ ደረጃ ይጠቀሙ፤ ከፍተኛውን በእውነት እግር ለሚፈትን አቀበት ያቆዩት። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ያቅልሉና ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ይርገጡ፤ በከባድ ማርሽ ዝግ ብሎ መርገጥ ሞተሩን ያደክማል፣ ባትሪውንም ይበላል። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ምሳ ሰዓት ላይ ከግማሽ በላይ ባትሪ እንዲቀረኝ ነበር፤ በዚያ ደንብ ከሄድኩ በኋላ አልቆብኝ አያውቅም።

የራስዎን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዤ ልሂድ ብለው አያስቡ። በመንገደኞች አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊትየም ባትሪ አይፈቀድም፤ የብስክሌት ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 400፣ 500 እና ከዚያም በላይ ነው። ብስክሌቱን እዚያው ይከራዩ፤ ከዚህ ይዘው የሚሄዱት ልክዎ የሆነ የራስ መከላከያ ቆብና ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይሁን። የቪዛውን ጉዳይ ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ለሼንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት የሚቻል ሲሆን፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና ይጠየቃል።

ለልምምድ ከቤዛዊት ኮረብታ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ወር በሳምንት ሦስት ቀን በተራ ብስክሌት ይውጡት፣ ይውረዱት። ትንፋሽዎ አያሳስብዎ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች የኪያንቲው አየር ለእኛ ቀላል ነው። የሚፈተነው ጭንና መቀመጫ ነው። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ብስክሌቱን ሜዳ ላይ ጥቂት ይንዱና የትኛው የፍሬን እጀታ የፊተኛውን ጎማ እንደሚይዝ ይለዩ። ፍሬኑ እኛ ከለመድነው እጅግ የበረታ ስለ ሆነ በሁለት ጣት ብቻ ቀስ ብሎ መያዝ ይበቃል፤ በተለይም «ስትራዴ ቢያንኬ» በሚባሉት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች፣ ማለትም በእነርሱ ፒስታ ላይ፣ የፊተኛውን ፍሬን በድንገት የያዘ ይወድቃል።

አንድ ነገር እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። የአንዲት ተጓዥ ጎማ ተንፍሶ አስጎብኚያችን የመሣሪያ ቦርሳውን ሲከፍት፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ፒንሳ» አለ፤ አቀበልኩት። ቀጥሎ «ካቻቪቴ» ሲል ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ቀና ብሎ አየኝና ጣልያንኛ ታውቃለህ ወይ አለኝ። አንድም ቃል አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን ጎማ፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ፒንሳ እያሉ ያደጉ ሁሉ በብስክሌት ብልሽት ጊዜ አፍ አያጡም።

ወቅቱን በተመለከተ የእኛው መስከረም ተመራጭ ነው። የኪያንቲ ዋናው የወይን ዘር ሳንጆቬዜ የሚለቀመው አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ውስጥ ሲሆን፣ የለቀማውን ሥራ በዓይን ማየት ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል። ኪያንቲ ክላሲኮ የሚባለው ወይን ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ መሆን አለበት፤ ሪዘርቫ የሚል ከታከለበት ቢያንስ 24 ወር ቆይቷል ማለት ነው። በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ጥቁር አውራ ዶሮም የራሱ አፈ ታሪክ አለው። ፍሎረንስና ሲየና ወሰናቸውን ለመለየት ዶሮ ሲጮኽ ከየከተማቸው ፈረሰኛ ሊያስነሡ ተስማሙ፤ ፍሎረንሶች ጥቁሩን ዶሯቸውን አስርበውት ስለ ነበር ገና ሳይነጋ ጮኸ፣ ፈረሰኛቸውም ቀድሞ ብዙውን መሬት ያዘ ይባላል። ወይኑን ሲቀምሱት አፍ የሚያኮማትር ነገር ያገኙበታል፤ ጌሾ የበዛበትን ጠላ የሚያውቅ ሰው አይደናገጥም።

ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጨው ግን የመቅመሱ ሥርዓት ነው። በጎጃም ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ የቀዳውን ጠጅ መመለስ ነውር ነው። እዚያ ግን ቀምሶ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት፣ የተረፈውንም መድፋት የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ያለ ሐፍረት ይትፉት። የጣልያን ሕግ በደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በሊትር በላይ አልኮል ይዞ መንዳትን ለብስክሌተኛም ይከለክላል፤ ሕጉ ባይኖር እንኳ ከቅምሻ በኋላ የሚጠብቅዎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። መጠጣቱን ለማታ ያቆዩት።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ አይቸገሩም። ከነጭ ቦሎቄ፣ ከጎመንና ከደረቅ ዳቦ የሚሠራው ሪቦሊታ የሚባለው ሾርባ ያጠግባል፤ ፎርማጆ እንዳይነሰንሱበት ብቻ አስቀድመው ይንገሯቸው። የቶስካና ዳቦ ያለ ጨው የሚጋገር ስለ ሆነ ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት።

ስለ ሰዓት ይጠንቀቁ፤ በመርሐ ግብሩ 9 ሰዓት የተባለው በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ማታ ደግሞ ባትሪውን ክፍልዎ ውስጥ ሲሰኩ የቻርጀሩ መብራት መብራቱን ካዩ በኋላ፣ ለራት ለመውጣት የበሩን ካርድ ከግድግዳው ሲነቅሉት እንደ ገና ይመልከቱ። በአንዳንድ ማረፊያዎች ካርዱ ሲነቀል የሶኬቱም ኃይል አብሮ ይቋረጣል፤ እንዲህ ከሆነ ባትሪውን ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጥተው እዚያ ያስሰኩት።