ኢኮኖሚ ሲቀዛቀዝ ደሞዝ ሳይሆን ሰው ለምን ይቀነሳል? ዜናውን እንዲህ አንብቡት

ሪሴሽን (የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ) መጣ ሲባል ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፣ የወረደው ዋጋው ነው ወይስ የሚመረተውና የሚሸጠው ብዛት? ሰው ወጪውን ሲቀንስ ዋጋና ደሞዝ በዛው ልክ ቶሎ ቢወርዱ ኖሮ ምርትም ስራም ብዙ ባልተነካ ነበር፣ ግን ሁለቱም ቀርፋፋ ስለሆኑ ዱላው ስራ ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ደሞዝ። እኔ ከዋጋ ይልቅ እዚህ ላይ ነው የማፈጠው። 100 ሰራተኛ ያለው ፋብሪካ ገበያው በ10 በመቶ ቀነሰበት እንበል፣ ወይ የሁሉንም ደሞዝ ይቆርጣል ወይ 10 ሰው ያሰናብታል፣ አብዛኛው አሰሪ ታዲያ ማሰናበቱን ይመርጣል። ትሩማን ቢውሊ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ ከ300 በላይ ሰው እየዞረ ሲያናግር አሰሪዎቹ ደጋግመው ያነሱለት ሞራል ነው፣ ደሞዙ የተቆረጠበት ሰው አኩርፎ እዛው ይቀመጣል፣ የተሰናበተው ግን ኩርፊያውን ይዞ ይሄዳል።

ኢንፍሌሽኑንም (የዋጋ ንረቱን) አብራችሁ እዩ። ኢንፍሌሽን 6 በመቶ ሆኖ ደሞዝ 2 በመቶ ቢጨመር ደሞዙ በተግባር ወርዷል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ጭማሪ ስለሆነ እንደ ቆረጣ አያስጮህም። ኢንፍሌሽን ዜሮ ሲጠጋ ይሄ መውጫ ይዘጋል፣ ብዙ ማዕከላዊ ባንኮች ዜሮን ትተው 2 በመቶ አካባቢ የሚያልሙበት አንዱ ምክንያትም ይሄ ነው።

ዋጋ ላይ ስትመጡ በጅምላ አትዩት። ነዳጅ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ኪራይ ኮንትራቱ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም፣ ኮካ ኮላ ደሞ አሜሪካ ውስጥ ከ1886 ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ድረስ 5 ሳንቲም ነበር፣ መሸጫ ማሽኖቹ የሚቀበሉት ባለ 5ቷን ሳንቲም ብቻ መሆኑም አንዱ ማነቆ ነበር።

ማዕከላዊ ባንክ ኢንፍሌሽን ለማውረድ ወለድ ሲሰቅል ደሞ ውጤቱን በማግስቱ አትጠብቁ፣ ሰው የድሮውን ኢንፍሌሽን አስቦ ነዋ የተዋዋለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሃላፊ የነበረው ፖል ቮልከር ከ1979 ጀምሮ አሜሪካ ላይ ፍሬኑን ሲይዝ ኢንፍሌሽኑ ወረደ፣ ግን በ1982 መጨረሻ ስራ አጥነት 10.8 በመቶ ደርሶ ነበር።

ምርት ወርዶ ዋጋ ጭራሽ ከጨመረስ? ያኔ ሌላ ተጠርጣሪ ፈልጉ፣ እንደ 1973ቱ የነዳጅ ቀውስ መነሻው አቅርቦት ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይ ገንዘብ መርጨት የዋጋውን ንረት ያባብሰዋል።