ያገለገለች ስፖርት ሞተር ሳይክል በካሊፎርኒያ እንዴት ይሸጣል?

«እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት» የማይል የሞተር ሳይክል ሻጭ የለም። ገዢውም ስለለመደው ጆሮ አይሰጠውም። ገንዘቡን የሚያወጣው በዓይኑ ላየውና በደረሰኝ ለተረጋገጠለት ነገር ነው። ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት የእርስዎ ሥራ ለዓመታት ያደረጉትን እንክብካቤ ለማያውቅዎ ሰው የሚታይ ማድረግ ነው።

ለምሳሌ ያማሃ አር6ን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 1999 ገበያ የወጣችው ይህች 599 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለመንገድ መሸጧ በ2020 አብቅቷል። ከእሷ በኋላ የመጣችው አር7 ባለ ሁለት ሲሊንደር ናት። የአር6ን የአራት ሲሊንደር ጩኸት ለመንገድ የሚፈልግ ሰው ያገለገለች ከመግዛት ሌላ ምርጫ ስለሌለው፣ በደንብ የተያዘች አር6 ያለው ሻጭ መቸኮል የለበትም።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ታይትሉን፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለውን ማለት ነው፣ ከመሳቢያ አውጥተው ያንብቡት። የባንክ ዕዳ ካለበት ባንኩ መልቀቁን የሚያረጋግጥ ፊርማ ያስፈልጋል። በሁለት ሰው ስም ከሆነ በስሞቹ መካከል ያለችውን ቃል ይዩ፦ «ኤንድ» ካለች ሁለቱም መፈረም አለባቸው፣ «ኦር» ካለች አንዱ ይበቃል። ባለቤትዎ አገር ቤት ለእረፍት በሄዱበት ወቅት ገዢ አግኝቶ ይህን ማወቅ ያበሳጫል።

የዘይት፣ የጎማና የባትሪ ደረሰኞችን በቀን ቅደም ተከተል በአንድ ፎልደር ያኑሩ። በአር6 ላይ ዋናው ጥያቄ የቫልቭ ክፍተት ምርመራ ነው። ከ2006 ወዲህ በወጡት ላይ ያማሃ በየ26,600 ማይሉ እንዲደረግ ያዛል። ታንከሩና የአየር ማጣሪያው ቤት ካልተነሱ ስለማይሠራ የእጅ ዋጋው ውድ ነው፤ ብዙ ባለቤትም የሚሸጠው ልክ ከዚህ ቁጥር በፊት ነው። ብልህ ገዢ ይህን ያውቃል። ካሠሩ ደረሰኙን ከላይ ያድርጉት፣ ካላሠሩ ደግሞ በዋጋው ላይ ያስቡለት።

ያጽዱ፣ ግን አይሸፋፍኑ

ይጠቡ፣ ካቴናውን አጽድተው ይቀቡ፣ የጎማ ንፋስ ይሙሉ፣ የፍሬን ዘይቱ ከጠቆረ ያስቀይሩ። የፊት አሞርዛተሩ ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ማሠራት ይሻላል፤ ገዢው ያቺን ትንሽ የዘይት ቀለበት ሲያይ ከጥገናው በላይ ይቀንሳል። ጎማው ግን ሊያልቅ ትንሽ ከቀረው ተዉት፤ አዲስ ጎማ ያወጡበትን አይመልስም። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ግን ይዩ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ እንዳለ ገዢው ከሚነግርዎ እርስዎ ቢነግሩት ይመረጣል።

የመውደቅ ምልክት የሚፈለግባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የመሪው ጫፍ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ፣ የእግር ማሳረፊያው ጫፍ፣ የሞተሩ የጎን ክዳንና ስፖኪዮ። እዚያ ጭረት ካለ ቀለም አይቀቡበት። ቆማ ሳለች ወድቃም ቢሆን እንደዚያው ይናገሩ፤ አዲስ ቀለም በጭረት ፈንታ ሲገኝ ገዢው ከዚያ በኋላ የሚሉትን ሁሉ ይጠራጠራል።

ማርሚታውና ሌላው ጌጥ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። በብዙ ዶላር የተገዛ ማርሚታ፣ ባለቀለም እጀታ፣ አጭር የታርጋ ማሰሪያ የሞተር ሳይክሏን ዋጋ የሚጨምሩት በባለቤቷ ልብ ውስጥ ነው። የፋብሪካው ዕቃ ካለዎት መልሰው ይግጠሙ፣ ጌጡን ለብቻ ይሽጡ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ነገሩ የምርጫ ብቻ አይደለም፦ ከፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ የተመረቱ ሞተር ሳይክሎች ማርሚታ ላይ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ምልክት መኖር አለበት። የፋብሪካውን ማርሚታ ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ደስ ሊለው ይገባል።

ዋጋ ለመተመን ኬሊ ብሉ ቡክን ይመልከቱ፤ ከዚያ በሳይክል ትሬደርና በፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት በስንት እንደሚጠየቅ ያነጻጽሩ። የሚጠየቀው ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ እንዳልሆነ ግን ያስታውሱ፤ ለወራት የተሰቀለ ማስታወቂያ ዋጋው አልተዋጠም ማለት ነው።

ማስታወቂያውና ገዢው

ፎቶ በጠዋት ወይም በአመሻሽ ብርሃን ያንሱ፦ ሁለቱን ጎኖች፣ ፊትና ኋላ፣ የማይል ቆጣሪውን፣ ጎማዎቹን፣ ጭረቱንም ጭምር። ሌባ የሚወዳት ዓይነት ናትና የቤትዎ ቁጥርና የጋራዥዎ በር በፎቶው ውስጥ አይታይ።

ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን አያሙቁ። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ሞቆ ካገኘው «ጠዋት የማይነሳ ሞተር ነው» ብሎ ያስባል። በቀዝቃዛው ፊቱ ሲያስነሱ እንደሚታየው ያለ ማስታወቂያ የለም።

«ልሞክራት» ሲል ኤምዋን የሚባለውን የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃዱን ይጠይቁ፣ ፎቶ ያንሱት፣ የራስ ቁር ከሌለውም እምቢ ይበሉ። ሙሉው ገንዘብ በእጅዎ ሳይገባ ማንም እንዳይነዳት። ያገራችን ሰው ይህን ለመጠየቅ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ እዚህ ግን የተለመደ ነው፣ ቁም ነገረኛ ገዢም አይቀየምም። ሊከፍል ያልተዘጋጀ ሰው ኪራይ ሞተር ሳይክል ሄዶ ይሞክር።

ከሩቅ ሆኖ ሳያይ የሚገዛ፣ ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ ትርፉን መልሱልኝ የሚል፣ በስልክዎ የደረሰዎትን ኮድ የሚጠይቅ ሦስቱም አጭበርባሪዎች ናቸው። የባንክ ቼክ ከሆነ ገዢው ባንክ አብረው ሄደው፣ ገንዘብ ከፋዩ እፊትዎ ሲያትመው ይቀበሉ። ጥሬ ገንዘብም ቢሆን ባንክ ውስጥ መቁጠር ይሻላል።

ፊርማውና ከዚያ በኋላ

ታይትሉ ላይ ይፈርሙ፣ ማይሉን በቦታው ይሙሉ። ስርዝ ድልዝ ካለበት ዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ) ተጨማሪ ፎርም ስለሚጠይቅ በዝግታ ይጻፉ። በሬግ 135 ፎርም የሽያጭ ውል አዘጋጅተው አንዱን ቅጂ ያስቀሩ። ሞተር ሳይክል በካሊፎርኒያ የጭስ ምርመራ አይጠየቅባትም። ታርጋውም አብሯት ይሄዳል፤ ቨርጂኒያ ላሉ ወገኖች ግን የተለየ ነው፣ እዚያ ታርጋው የሻጩ ነውና ይፈታል።

ከሁሉ የማይረሳው ሬግ 138 የሚባለው የሽያጭ ማሳወቂያ ፎርም ነው። መሸጥዎን በ5 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ያሳውቁ፣ በኢንተርኔት ይቻላል። ገዢው ስሙን ለማዛወር 10 ቀን አለው፤ እርስዎ ሳያሳውቁ እሱ ቢዘገይ የፓርኪንግና የድልድይ ቅጣት በእርስዎ ስም እየመጣ ይቆያል። ማረጋገጫውን ያትሙና ከውሉ ጋር ያስቀምጡ፣ ኢንሹራንሱን ከዚያ በኋላ ያቋርጡ።

ጃኬቱንና ጓንቱን ለብቻቸው መሸጥ ይቻላል። የራስ ቁሩን ግን አይሽጡ፤ በውስጡ ያለውን ጉዳት ዓይን አያየውም።