አዳማ ላይ በሜታል ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም ማሽን) የድሮ ሳንቲም ለምትፈልጉ

የአዳማ አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ የብረት ማዕድን ያለበት ስለሆነ ዲቴክተሩ ባዶ መሬት ላይም ይጮሃል። ብዙ ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። መፍትሔው ግራውንድ ባላንስ ነው፣ ማለትም ማሽኑን ከአፈሩ ጋር ማስማማት፦ የተቀበረ ብረታ ብረት የሌለበት ቦታ ፈልጋችሁ ሳህኑን (የማሽኑን ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ክፍል) ከመሬት 3 ሳንቲሜትር እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ድምፁ እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። ዝናብ ከዘነበ ወይም የአፈሩ ቀለም ከተቀየረ እንደገና። ሴንሲቲቪቲውን (ማሽኑ ምን ያህል ደካማ ምልክት እንደሚሰማ የሚወስነውን) እስከ መጨረሻ አትክፈቱት፤ እንዲህ ባለ አፈር ጫጫታው ሳንቲሙን ይውጠዋል። ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ዋናው ጠላት ቆርኪ ነው። ድምፅ ስትሰሙ 90 ዲግሪ ዞራችሁ እንደገና አሳልፉ። ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ቆርኪ ግን ይቆራረጣል። ጠርዙ ላይ የቆመ ሳንቲም ግን ሊያሳስታችሁ ይችላል።

በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ላለመስማት ብላችሁ ዲስክሪሚኔሽን (የማይፈለግ ብረታ ብረትን ድምፅ የሚያጠፋው ማስተካከያ) አታብዙ። የ1969ኙ 25 እና 50 ሳንቲም ከመዳብና ከኒኬል የተሠሩ ስለሆኑ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የሚሰጡት፤ አብረው ይጠፋሉ። የ1936ቱ የመዳብ ሳንቲሞችና የብር ጠገራ ግን ከፍ ብለው ይሰማሉ።

ስትቆፍሩ ከድምፁ መሃል 10 ሳንቲሜትር ያህል ራቁ። ያገኛችሁትን በአመድ ወይም በሎሚ አትሹት፣ ዋጋውን ይገድለዋል፤ ውሃ ይበቃል።

ደግሞ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። ጥንታዊ ነገር ብቅ ካለ መቆፈሩን አቁማችሁ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አሳውቁ።