ሰሜን ሸዋ ላለ ቤተሰብ አዲስ ዴስክቶፕ መግዛት ያዋጣል?

«እትዬ፣ ኮምፒውተር ላኪልኝ፣ ለትምህርት ነው።» ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከመሐል ሜዳ እንዲህ የሚል መልእክት ያልደረሰው ዳያስፖራ ጥቂት ነው። ልጆቹ ደግሞ እውነታቸውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር ይሰጣል። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ሲፈተን ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። በዚያው ዓመት ማብቂያ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ከራስ ነው።

እኛ ደግሞ ጥያቄውን እንደሰማን ዋጋ ማየት እንጀምራለን። አዲስ፣ በካርቶን የታሸገ፣ ተገጣጥሞ ያለቀ ዴስክቶፕ እንፈልጋለን። ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው? ስንት ጊጋ ነው? እንላለን። እዚያ ከደረሰ በኋላ ዕድሜውን የሚወስኑት ግን መብራቱና ጠጋኙ ናቸው። በዚህ የተነሳ ለአብዛኛው ቤተሰብ አዲስ ዴስክቶፕ አልመክርም። የምመክርላቸውም አሉ፤ እመጣበታለሁ።

ማን ነው የሚጠቀምበት?

ልጁ 12ኛ ክፍል ከሆነ ዴስክቶፑን እርሱት። ፈተናውን ካለፈ ዩኒቨርሲቲ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። ደብረ ብርሃን ቢደርሰው እሰየው፤ ጅግጅጋ ወይም አርባ ምንጭ ቢደርሰውስ? ዴስክቶፕ ተሸክሞ ዶርም አይገባም። ለእሱ የሚሆነው ላፕቶፕ ነው። መብራት ሲሄድም ባትሪው አለው።

ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ተማሪ ካለ፣ እነሱም ገና ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ከሆኑ፣ ዴስክቶፕ ይሻላል። ከእጅ አይወድቅም። ሻይ ቢፈስበት የሚሞተው ኪቦርዱ ነው። ጓደኛ አይዋሰውም። እናትም እዚያው ሳሎን ቡና እያፈላች ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ታያለች።

የወንድም ልጅ «ጌሚንግ ፒሲ» ካለ ግን በግልጽ ተነጋገሩ። «ለፕሮግራሚንግ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገኛል» ሲል ዝም ብላችሁ አትመኑት። ኮድ መጻፍ ለሚጀምር ልጅ 16 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) እና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) ያለው ተራ የቢሮ ማሽን ይተርፈዋል። መጫወት ነውር አይደለም። ለጨዋታ የሚሆን ማሽን ግን መብራት ይበላል፣ ትልቅ ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባለ ባትሪ ሳጥን) ይጠይቃል፤ ያንን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ።

የመብራቱ ነገር

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አውሮፓ ያላችሁ አትጨነቁ፣ ተመሳሳይ ነው። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ ግን ልብ በሉ፤ የእናንተ 120 ቮልት ነው። የታወቁት ድርጅቶች የቢሮ ዴስክቶፖች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ። ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብባችሁ አረጋግጡ። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማብሪያ ሊኖረው ይችላል። 115 ላይ እንዳለ ደብረ ብርሃን ሶኬት ላይ ከተሰካ አንዴ ጮኾ ያበቃለታል።

ከአሜሪካ ፈጽሞ የማይላክ ነገር ቢኖር ዩፒኤስና ዲቫይደር ነው። የዚያ አገር ዩፒኤስ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። መከላከያ ያለው ዲቫይደርም እንደዚያው፤ 220 ሲገባበት መከላከያው ራሱ ይቃጠላል። ሁለቱንም አዲስ አበባ ግዙ።

ደግሞ ማሽን የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የመብራቱ አመጣጥ ነው። ሄዶ ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ቤተሰቡ ፍሪጁን ነቅሎ እስኪረጋጋ እንደሚጠብቀው ሁሉ ኮምፒውተሩንም ይንቀል። ዩፒኤስ ሲገዛም ቮልቴጅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር በውስጡ እንዳለው ይጠየቅ። 650 ቪኤ የሚባለው የተለመደው ዩፒኤስ የሚሸከመው 360 ዋት ገደማ ነው። ትንሽ የቢሮ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ለጽሑፍ ሥራ 50 ወይም 60 ዋት ቢወስድ ነው። ስለዚህ ሥራን ሴቭ አድርጎ፣ ተረጋግቶ ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ግራፊክስ ካርድ ያለው የጨዋታ ማሽን በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ 400 ዋት ካለፈ ግን ያው ዩፒኤስ ጮኾ ይጠፋል። ባትሪው በሦስት ዓመት ገደማ ይደክማል። የመተኪያውን ብር ከአሁኑ አስቡት።

የሰሜን ሸዋ ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ትበልጣለች። አየር ሲሳሳ ፋኑ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። አምራቾች ለብዙ ማሽኖቻቸው የሚያስቀምጡት ገደብ 3,048 ሜትር ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክም አንባቢ ጭንቅላቱ በአየር ተንሳፍፎ ስለሚሠራ ከፍታው ይነካዋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። መንዝ ለሚሄድ ማሽን እሱን ብቻ ምረጡ። ብርዱ ለማሽኑ ደግ ነው፤ ክፉነቱ ለሰው ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ እዚያ የምትታገሉት ከሙቀትና ከአቧራ ጋር ነው። የትም ይሁን የት ግን እናታችሁን ስለ ዳንቴሉ ለምኗቸው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ዳንቴል ይልበስ፤ ሲሠራ ይገለጥ፣ መተንፈሻው እንዳይታፈን።

ያገለገለ ሲባል ምን ዓይነት?

እኔ የምመርጠው ከቢሮ የወጣ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ ትንሽ ዴስክቶፕ ነው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ የሌኖቮ ቲንክሴንተር አዲስ አበባ ገበያ ላይ በብዛት አሉ። ለመሥሪያ ቤት የተሠሩ ስለሆኑ ቀን ሙሉ መሥራት ይችላሉ። ብዛታቸው ደግሞ ትልቅ ጥቅም ነው። የዴልና የኤችፒ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቅርጽ አላቸው፤ ከሌላ ማሽን አውጥታችሁ አትገጥሙትም። ኦፕቲፕሌክስ ከሆነ ከሞተ ወንድሙ ተነቅሎ የሚገጠም ፓወር አዲስ አበባ ይገኛል። ባለፈው ወር አሜሪካ ሱቅ የገባ አዲስ የቤት ሞዴል ፓወሩ ቢቃጠል ግን ደብረ ብርሃን ያለው ቴክኒሻን ምን ያድርግ?

ሻጭ «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲላችሁ አትደንግጡ። ትውልዱን ጠይቁ። አይ7-4770 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አይ5-8500 በ2018 ነው፤ ስሙ ዝቅ ያለ ቢመስልም ይበልጠዋል። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር፣ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ትውልዱን ይነግራችኋል። 8500 ስምንተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው።

ስምንተኛ ትውልድ ላይ ሙጭጭ የምልበት ምክንያት አለኝ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 2000 እና ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። አንዳንድ ሻጭ አራተኛ ትውልድ ላይ 11ን በጓሮ በር ጭኖ ያሳያችኋል። ይሠራል፤ አንድ ቀን አፕዴት እንቢ እስኪለው ድረስ።

ሌላው የራም ዋጋ ነው። ከ2025 ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ማዕከላት ራሙን ጠራርገው ስለሚወስዱት ዋጋው በዓለም ገበያ ሰማይ ነክቷል። ድሮ «8 ጊጋውን ግዙ፣ በኋላ ትጨምራላችሁ» እንል ነበር። አሁን ያ ምክር አይሠራም። 16 ጊጋ ውስጡ ያለ ዩዝድ ማሽን ካገኛችሁ ዋጋ አለው።

አዲስ የሚገዛላቸው

ማሽኑ እንጀራ የሚያበላ ከሆነ አዲስ ግዙ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የከፈተች እህት፣ ወይም የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ወንድም ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ደንበኛ ያጣል። እዚያም ቢሆን መደበኛ መጠን ያለው ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ያለውን፣ አዲስ አበባ በጽሑፍ ዋስትና የሚሸጠውን እመርጣለሁ። ከውጭ የተገዛ ማሽን ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ በተገዛበት አገር ታስሮ ይቀራል። ለኤዲቲንግ ገንዘቡን ራምና ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። በቀለም የሚብለጨለጭ ኬዝ ቪዲዮ ቶሎ አያወጣም።

ይላክ ወይስ እዚያ ይገዛ?

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የእኛ ዶላር ብዙ ብር ያወጣል። ኮምፒውተር ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም አብሮ ሄዷል። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ዋጋ በባንክ ምንዛሪ ወደ ዶላር መልሱና ካላችሁበት አገር ዩዝድ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እዚያው ይገዛ። ብልሽት ቢኖር የሚመለስበት ሱቅ አለ።

ልዩነቱ ሰፊ ከሆነና እናንተም ለበዓል የምትገቡ ከሆነ «ማይክሮ» ወይም «ታይኒ» የሚባሉትን በጣም ትንንሽ ዴስክቶፖች አስቡ። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ናቸው፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። የሚሠሩት በላፕቶፕ ቻርጀር ነው፤ እሱም 220ን ይቀበላል። ሞኒተር ተሸክማችሁ አትምጡ። ትልቁን ታወር በሻንጣ ማምጣት ደግሞ ጎኑን አጉብጦ ማግኘት ነው። ለጉምሩክ የግዢ ደረሰኙን ያዙ፤ ደንቡ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ጀርመንና ፈረንሳይ ያላችሁ ኪቦርዱን እዚያው ተዉት፤ ፊደሉ የተቀያየረ ነው፣ ልጆቹን ያደናግራል።

በሩቅ ሆኖ መግዛት

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ወደፊት የሚጠግነው ሰው ይምረጠው። ቤተሰቡ የሚያምነውን የደብረ ብርሃን ቴክኒሻን ፈልጉ። ትራንስፖርትና የቀን አበል ከፍላችሁ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጋር አዲስ አበባ ይውረድ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰላም ሲሆን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ራሱ የመረጠውን ማሽን «ይሄ ቀድሞውንም ጥሩ አልነበረም» ሊላችሁ አይችልም። የትኛው መለዋወጫ እንደሚገኝም ከእናንተም ከእኔም በላይ ያውቃል።

ብሩን ለሻጭ ቀድማችሁ አትላኩ። ከዘመድ አካውንት ላይ ይቆይ፤ ማሽኑ ከታየ በኋላ እዚያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይከፈል። ከመክፈሉ በፊት በቪዲዮ ደውሉ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያችሁ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነትና የሠራበትን ሰዓት ያሳያል። ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳ፤ ሲነሳ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስጀመሪያ) ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት፣ የቀድሞ ባለቤቱ ቁልፍ አልተፈታም። ግማሽ ሰዓት ይሥራ። ሲሪያል ቁጥሩ ፎቶ ይነሳ። ሻጩ «በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል፤ 15 በመቶው ቫት ቢያንገበግብም ደረሰኙን ያዙ፣ የዋስትናው ጊዜም እላዩ ላይ ይጻፍ። ያለ ወረቀት «ችግር የለም፣ አምጡት» ያለ ሻጭ በሦስተኛው ሳምንት ስልክ አያነሳም።

አብሮ የሚመለስ ሰው ከሌለ ከላምበረት በሹፌር ይላካል። ይህ ከሆነ ካርቶኑ ይታሸግ፣ ግራፊክስ ካርድ ካለ ተነቅሎ ለብቻው ይጠቅለል፣ ሞኒተሩ ግን ከሰው እጅ አይለይ።

ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ደግሞ መጫን ያለበት ይጫን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ታውቃላችሁ። ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ ማሽን ባዶውን መላክ አያዋጣም። የዊንዶውስ አፕዴት ይጠናቀቅ። ሊብሬ ኦፊስ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ፣ እንዲሁም ኪዊክስ የሚባለው ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበው ፕሮግራም ይግቡ። አንድ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይም የዊንዶውስ መጫኛ ይዘጋጅና ከማሽኑ ጋር ይቀመጥ። የቢሮ ማሽኖች የዊንዶውስ ፈቃዳቸው አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ውስጥ ስላለ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይመለሳል። ይህንን ለቴክኒሻኑ ንገሩት፤ ከሰው ፍላሽ የመጣ ክራክ፣ ከነቫይረሱ፣ እንዳይጭንበት።