ሉፐስ ሲጠረጠር የደም ምርመራው ከየት ይጀመራል?

ኮዬ ፈጬም ሆነ አሸዋ ሜዳ፣ ፊቷ ላይ ሽፍታ የወጣባትና ትኩሳት የያዛት ልጅ መጀመሪያ የምትሰማው «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይታሽላታል። ካልተሻላት ሰፈር ያለው ክሊኒክ ትሄድና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብላ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ትኩሳቱ እየተመላለሰ፣ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ እያሉ፣ ፀጉሯ እየረገፈ ወራት ካለፉ ግን ሉፐስን መጠርጠር ያስፈልጋል።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚመጣ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹንም የሚጀምራቸው ከ15 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ብቻውን «ሉፐስ ነው» ብሎ የሚፈርድ የደም ምርመራ የለም። ውዱን ምርመራ ቀድሞ ማሠራት የማያዋጣውም ለዚህ ነው።

1. ከደሙ በፊት ታሪኩ

ምልክቱን ከነጊዜው ጻፉ። የሉፐስ ሽፍታ በአፍንጫ ላይ አልፎ ከጉንጭ ጉንጭ ይዘረጋል፤ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር ዳር የሚወርደውን እጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። ጠይም ቆዳ ላይ ከመቅላት ይልቅ ጠቆር ስለሚል ማድያት ይመስላል። እንደወጣ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ሊጠፋ ይችላል። ለማድያት ብላችሁ የምትቀቡት ክሬም ካለም ይዛችሁ ሂዱ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ሽፍታውን ይደብቀዋል።

የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ተናገሩ። ለቲቢ የሚሰጠው አይሶኒያዚድና ሃይድራላዚን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ሉፐስ መሰል ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

2. ቅርብ ያለውን አስቀድሙ

ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአር (ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) እና የሽንት ምርመራ ብዙ ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ ዋጋቸውም አይከብድም። ባዶ ሆድ መሄድ አያስፈልግም፣ ቁርሳችሁን ብሉ። ሲቢሲ ላይ ሐኪሙ የሚያየው ደም ማነስ፣ ከ4,000 በታች የወረደ ነጭ የደም ሴል እና ከ100,000 በታች የወረደ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ነው። በነገራችን ላይ፣ ነጭ የደም ሴላቸው ያለ ምንም ሕመም ዝቅ የሚል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ይህ ቁጥር ለብቻው አያስደንግጣችሁ።

ሽንቱን ደግሞ አትናቁት። ሉፐስ ኩላሊትን ሳያሳምም ሊጎዳ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያጋልጠው ሽንት ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን ወይም ደም ነው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ያዙ፤ መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ አፍስሳችሁ መሐሉን ዕቃው ውስጥ አድርጉ። ወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ለላብራቶሪ ባለሙያው ንገሩት፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒንም፣ አብሮ ቢታይ ጥሩ ነው።

3. ኤኤንኤ

ይሄኛው ወደ መሀል ከተማ ያስኬዳል፤ ወይም ናሙናው ወደ ትልቅ ላብራቶሪ ይላካል። የጤና መድን ካርድ ካላችሁ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳታጽፉ አትውጡ፤ አለዚያ ወጪው ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ኤኤንኤ የሴሎችን ኒውክሊየስ የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ይፈልጋል። ከ100 የሉፐስ ታማሚዎች በ95ቱና ከዚያ በላይ ላይ ፖዘቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ኔጋቲቭ ከሆነ ሉፐስ የመሆኑ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ፖዘቲቭ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ሰው በከንቱ እንቅልፍ የሚያጣው። ወረቀቱ ላይ 1:80፣ 1:160፣ 1:640 የሚል ታያላችሁ። 1:80 ማለት ናሙናው 80 እጥፍ ቀጥኖም ምልክቱ አልጠፋም ማለት ነው። ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ ቁጥር ውጤቱ ይጠነክራል። ግን ከ100 ጤነኛ ሰዎች 13 ያህሉ በ1:80፣ 5 ያህሉ በ1:160 ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ቲቢ፣ የጉበት ቫይረስና የታይሮይድ ሕመምም ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ምልክት የሌለው ሰው «ለማንኛውም ልታየው» ብሎ ባያሠራው እመርጣለሁ።

4. ፖዘቲቭ ከሆነ ቀጣዩ

አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ እና አንቲ ስሚዝ የሚባሉ፣ ለይተው የሚያሳዩ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎች ይታዘዛሉ። አንቲ ስሚዝ የሚገኘው በጥቂት ታማሚዎች ላይ ነው፤ ከተገኘ ግን ወደ ሉፐስ አጥብቆ ይጠቁማል። ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት ፕሮቲኖች ደግሞ በሽታው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይወርዳሉ። ጽንስ በተደጋጋሚ የሚያስወርዳት ወይም እግሯ ላይ ደም የረጋባት ሴት የአንቲፎስፎሊፒድ (ደም ያለ ቦታው እንዲረጋ የሚያደርግ ፀረ እንግዳ አካል) ምርመራም ያስፈልጋታል። እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። አንድ የሚያስገርም ነገር፦ ይሄው ፀረ እንግዳ አካል የቂጥኝ ምርመራን በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ሰበብ ትዳር ውስጥ ጠብ ከመነሳቱ በፊት ማረጋገጫ ምርመራ ይሠራ።

5. ወረቀቱን ሁሉ ለአንድ ሐኪም

ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያና እንደ ሉፐስ ያሉ ሕመሞች ስፔሻሊስት) በአገራችን ጥቂት ነው፤ ወረፋው ከረዘመ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይጀምርላችኋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የአውሮፓና የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ባወጡት መስፈርት ኤኤንኤ 1:80 መግቢያ በር ብቻ ነው። ከዚያ ነጥብ ይደመራል፦ ትኩሳት 2፣ የመገጣጠሚያ ሕመም 6፣ አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ ወይም አንቲ ስሚዝ 6፣ ሽንት ውስጥ ብዙ ፕሮቲን 4። ቢያንስ አንድ የሕመም ምልክት ኖሮ ድምሩ 10 ሲሞላ ሉፐስ ተብሎ ይመደባል። መስፈርቱ በዋናነት ለጥናት የወጣ ስለሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁን አትደምሩበት፤ ነጥብ የሚሰጠው ሌላ ምክንያት በማይገኝለት ምልክት ነው።

ሉፐስ መሆኑ ከታወቀ በኋላ በየቀጠሮው የሚደገሙት ሲቢሲ፣ ሽንት፣ ክሬአቲኒን፣ ሲ3፣ ሲ4 እና አንቲ ዲኤስ ዲኤንኤ ናቸው። ኤኤንኤን መድገም ግን ጥቅም የለውም፤ እንደገና ከታዘዘላችሁ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። እግር ካበጠ፣ ሽንት አረፋ ከበዛበት ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።