አርቲኤክስ 3060 ወይስ አርኤክስ 6600? መጀመሪያ ኬዙን ክፈቱት

ግራፊክስ ካርድ፣ የጌሙን ምስል የሚሠራውን የኮምፒውተር ክፍል፣ ልገዛ ነው ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ «ኬዙን ክፈትና የፓወር ሰፕላዩን፣ መብራት የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ፎቶ ላክልኝ» ነው። አንዳንዱ ይናደዳል። እሱ የደወለው ከካርድ ሠሪዎቹ ኤንቪዲያ ይሻላል ኤኤምዲ ብሎ ሊከራከር ነዋ!

ሰዎች ከሚያማርጧቸው ካርዶች ውስጥ ሁለቱ ላይ ላተኩር። የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 3060 እና የኤኤምዲው አርኤክስ 6600። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጡት። ሲወጡም በኩባንያዎቹ የተቆረጠላቸው ዋጋ እኩል 329 ዶላር ነበር። ዛሬ ከእነሱ የበለጡ አዳዲስ ካርዶች ሞልተዋል። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አዲስ ካርድ ለብዙዎቻችን የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ወሬያችን ስለ ዩዝድ ካርድ ነው።

ለምን ኬዙን ክፈቱ እንደምል ልንገራችሁ። ብዙ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ አገልግሎ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው። ጠንካራ ዕቃ ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው። ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። እነዚህ ሁለት ካርዶች ደግሞ ያለዚያ ገመድ አይነሱም። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ካላችሁ፣ የብዙዎቹ ማዘርቦርድ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ሶኬት የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ማቀያየሪያ ገመድ መፈለግ ይመጣል። ኬዙ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ደግሞ እርሱት፤ መደበኛ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም። ብሩን ሌላ ኬዝ ላይ አውሉት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 6600 የሚፈልገው 132 ዋት ነው፣ 3060 ደግሞ 170። ኤኤምዲ ለእሱ ቢያንስ የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፣ ኤንቪዲያ ለራሱ 550። ላዩ ላይ «600 ዋት» የሚል ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ግን ጽሑፉን አትመኑት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ እዩና የ12 ቮልቱን መስመር አምፔር በ12 አባዙት። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ማለት ነው፤ 600 የሚለው ቀልድ ነው። ለ3060 እኔ ከ30 አምፔር በታች በሆነ ነገር አልሞክርም።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ይህ የ38 ዋት ልዩነት ቀላል አይደለም። 650 ቪኤ የሚባለው ትንሹ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው፣ በዋት ሲለካ ብዙውን ጊዜ 400 እንኳ አይሞላም። ጌም ላይ ያለ ኮምፒውተርና ሞኒተር ተደምረው እዚያው አካባቢ ሊደርሱ ይችላሉ። በ6600 ትንሽ ትንፋሽ ታገኛላችሁ፤ ቢያንስ ጌሙን ሴቭ አድርጋችሁ ታጠፋላችሁ።

ፍጥነታቸውስ? በተራው 1080 (ፉል ኤችዲ) ሞኒተር ላይ ተቀራራቢ ናቸው። አንዱ ጌም ላይ ይሄኛው፣ ሌላው ላይ ያኛው ትንሽ ይቀድማል። ኢፉትቦል፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ጂቲኤ 5 ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም። የጨረር ነጸብራቁን፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚሉትን ስታበሩ 3060 ይበልጣል። እውነት ለመናገር ግን በዚህ ደረጃ ባለ ካርድ እኔ አጥፍቼው ነው የምጫወተው። 3060 ዲኤልኤስኤስ አለው፣ ምስልን ከዝቅተኛ ጥራት ወደ ላይ አንስቶ ፍሬም፣ በሴኮንድ የሚታየውን የምስል ብዛት፣ የሚጨምርላችሁ። 6600 ይህ የለውም፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን የኤኤምዲ ኤፍኤስአር ነው የሚጠቀመው። በ1080 ላይ የዲኤልኤስኤስ ምስል ጠራ ያለ ነው፣ ይህ አይካድም። ሻጩ «ፍሬም ጄኔሬሽንም (በፍሬሞች መሃል ተጨማሪ ፍሬም የሚፈጥረው) አለው» ካላችሁ ግን የዲኤልኤስኤሱ በኤንቪዲያ አርቲኤክስ 40ዎቹ ትውልድ የጀመረ ነው፤ 3060 ላይ የለም።

ትልቁ ልዩነት ሜሞሪው ነው። 3060 ባለ 12 ጊጋ ነው፣ 6600 ባለ 8። ከባድ የሆኑ አዳዲስ ጌሞች ቴክስቸር (የዕቃዎቹ ገጽታ ዝርዝር) ከፍ ሲደረግ 8 ጊጋውን ይሞሉታል። ያኔ ጌሙ ይንገጫገጫል፤ አማካይ ፍሬሙ ጥሩ ሆኖ እንኳ በየመሃሉ ቀጥ ይላል። ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያየው። 6600 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በ8 መስመር ብቻ ነው፣ 3060 በ16። ማዘርቦርዱ አዲስ ከሆነ ችግር የለውም። ስድስተኛ ወይም ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው አሮጌ ማሽን ላይ ከሆናችሁ ግን የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። ሜሞሪው ሲሞላ የሚመጣው መንገጫገጭ ያኔ ይብሳል። መድኃኒቱ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ማውረድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓይን እንኳ አይለየውም።

ኮምፒውተሩ እንጀራም የሚጋገርበት ከሆነ ክርክሩ ያበቃል። የአክስቴ ልጅ ቀን ቀን ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም የሕንፃ ዲዛይን ይሠራል፣ ማታ ኳስ ይጫወታል። ለእሱ 3060 ነው ያልኩት፣ ሁለተኛ ሳላስብ። ብሌንደር በኤንቪዲያ ካርድ ሬንደር ሲያደርግ፣ የመጨረሻውን ምስል ሲያወጣ፣ ይፈጥናል። ኤአይ ሞዴል ቤቱ ላይ መሞከር ለሚፈልግም ብዙው ሶፍትዌር በመጀመሪያ የሚሠራው ካርዱን ለስሌት ለሚጠቀመው የኤንቪዲያ ሥርዓት፣ ለኩዳ፣ ነው፤ 12 ጊጋውም እዚያ ላይ ዋጋ አለው። ጌም ብቻ ከሆነ ግን 6600 ግዙና በተረፈው ብር ራም ወይም ኤስኤስዲ ጨምሩ። የዋጋው ልዩነት ኤስኤስዲ እንኳ የማይገዛ ከሆነና ፓወር ሰፕላያችሁ ከቻለ 3060ውን ውሰዱ።

እዚህ ላይ የሚበሉ ሰዎች ስላሉ ተጠንቀቁ። በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ካርድ አለ። ኤንቪዲያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ነው፣ የውሸት አይደለም፤ ግን ከባለ 12ቱ በግልጽ ይዘገያል። በቴሌግራም ላይ «3060 አለ» ሲሏችሁ ስንት ጊጋ ብላችሁ ጠይቁ። በ6600 በኩል ደግሞ 6600ኤም የሚባል አለ፣ የላፕቶፕ ቺፕ ዴስክቶፕ ካርድ ላይ ተሰክቶ። ይሠራል፣ ግን በዋናው ዋጋ አትግዙት።

ማይኒንግ (ክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ የዋለ ካርድ ነው ብለው ያስፈራሯችኋል። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ ገንዘብ መስከረም 2015 ላይ በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ብዙ ካርድ ወደ ዩዝድ ገበያ ወጥቷል። እኔ በዚህ ብቻ ካርድ አልጥልም። ቶሎ የሚደክመው ፋኑ ነው፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ፔስትም ይደርቃል። ሁለቱም ይቀየራሉ።

ስትገዙ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የቺፑን ስም፣ ሜሞሪውን፣ የመስመሩን ቁጥር ያሳያችኋል። ባዮሱ (ውስጠኛ ሶፍትዌሩ) ተቀይሮ ስሙን ያሳመረ አሮጌ ካርድ ከሆነም ብዙ ጊዜ «የውሸት ነው» ብሎ ያጋልጠዋል። ከዚያ ከባድ ጌም ክፈቱና ግማሽ ሰዓት ይሂድ። ሙቀቱ ወጥቶ የሚቆምበትን እዩ፣ ፋኑን አድምጡ፣ ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ካለ ትታችሁ ውጡ። ኤችዲኤምአዩንም ዲስፕሌይ ፖርቶቹንም አንድ በአንድ ሰክታችሁ ሞክሩ። ሻጩ «መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ካለ መብራት እስኪመጣ ሻይ ጠጡ፤ ብሩን ግን አትላኩ።